የደረቅ ፍሬ ዋጋ የሚወለደው የት ነው?

(አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ አዳራሽ ለምግብ ሳይንስ ተማሪዎች፣ ለነጋዴዎችና ለአካባቢው ነዋሪዎች ያቀረብኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች በመጠኑ አሳጥሬዋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ክቡራትና ክቡራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ ሥራችሁን አቋርጣችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ከዚህ አዳራሽ ወጥቶ ወደ ፒያሳ ያቀና ሰው ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ጧፍ፣ ሻማ፣ ዕጣንና ዘቢብ የሚሸጡ እናቶችን ያገኛል። ዘቢቡ በትንንሽ ላስቲክ ተቋጥሯል። ምእመኑ ገዝቶ ያስገባዋል፤ ለቅዱስ ቁርባን የሚዘጋጀውም ከዚሁ ዘቢብ ነው። ሰውየው ወደ መርካቶ ከዘለቀ ደግሞ፣ በተለይ በረመዳን ወር፣ በአንዋር መስጊድ ዙሪያ ተምር በካርቶን ተደርድሮ ያያል። ጾመኛው ጀምበር ስትጠልቅ የሚያፈጥረው በእሱ ነው። በሁለቱ መካከል ባለው መንገድ ላይ ቆሎና ኦቾሎኒ በሲኒ እየሰፈሩ፣ በወረቀት እየጠቀለሉ የሚሸጡ ወጣቶች አሉ። ካፌ ጎራ ካለም የለውዝ ሻይ ይቀርብለታል።

እንግዲህ በአንድ የእግር መንገድ ላይ የዓለም የደረቅ ፍሬ ንግድ ተዘርግቶ ይገኛል ማለት ነው። ዘቢቡና ተምሩ በአብዛኛው ባሕር ተሻግረው የመጡ ናቸው። ኦቾሎኒው የራሳችን ነው። በሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ በቆርቆሮ ታሽገው የተቀመጡት አልሞንድ፣ ካሽውና ፒስታቺዮ ደግሞ የብዙ ሰው እጅ የማይደርስባቸው እንግዶች ናቸው። ሙያዬ የእህልና የቅባት እህል ጥራት ምርመራ ስለሆነ እነዚህን ሁሉ የማያቸው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ዋጋቸው የተወለደው የት ላይ ነው?

መልሴን አስቀድሜ ልናገርና ማስረጃውን ላስከትል። በዚህ ንግድ ውስጥ ዋጋ የሚወለደው ፍሬው ከዛፉ ወይም ከመሬቱ ከወጣ በኋላ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ነው። የሚያደርቀው፣ የሚፈለፍለው፣ የሚለየውና የሚመረምረው ወገን ዋጋውን ይይዛል። ዛፉን ብቻ የያዘው ወገን በሌላው ዋጋ ይሸጣል።

መጀመሪያ ስለ መጠኑ። ዓለም በዓመት 50 ሚሊዮን ቶን ገደማ ኦቾሎኒ ከነቅርፊቱ ያመርታል። ከዚህ ውስጥ ከሢሶ በላይ የሚሆነውን ቻይና ብቻዋን ታመርታለች፤ ህንድ ትከተላለች። የዛፍ ለውዞች የምንላቸው አልሞንድ፣ ዋልነት፣ ካሽው፣ ፒስታቺዮ፣ ሄዝልነት፣ ማከዳሚያና የመሳሰሉት ሁሉ ተደምረው፣ በአብዛኛው ከቅርፊታቸው ወጥተው ሲመዘኑ፣ በዓመት ከአምስት ሚሊዮን ቶን ጥቂት ከፍ ቢሉ ነው። በመጠን ከኦቾሎኒ ጋር የሚወዳደሩ አይደሉም፤ በኪሎ ዋጋ ግን ርቀውት ይሄዳሉ።

ሌላው ጠባዩ በጥቂት ቦታዎች መከማቸቱ ነው። ከዓለም አልሞንድ አራት አምስተኛ የሚሆነው የሚበቅለው በአንድ የአሜሪካ ግዛት፣ በካሊፎርኒያ፣ ያውም በአንድ ሸለቆ ውስጥ ነው። ዛፎቹ በየካቲት ወር ሲያብቡ የሚያዳቅላቸው ንብ ስለሚያስፈልግ ከሀገሪቱ ዳር እስከ ዳር ሁለት ሚሊዮን የሚደርስ ቀፎ በከባድ መኪና ተጭኖ ወደዚያ ይጓዛል። የሄዝልነት ሁለት ሦስተኛ ገደማ ከቱርክ፣ ከጥቁር ባሕር ዳርቻ ተራሮች ይመጣል። የደረቀ አፕሪኮት (የኮክ ዘመድ የሆነ ፍሬ) ደግሞ አብዛኛው የዓለም አቅርቦት ከዚያችው ቱርክ፣ ማላቲያ ከምትባል አንዲት አውራጃ የሚወጣ ነው። ስለዚህ በ2014 መጋቢት መጨረሻ በጥቁር ባሕር ዳርቻ የአንድ ሰሞን ውርጭ ሲወድቅ በመላው አውሮፓ የቸኮሌት ፋብሪካዎች የሄዝልነት ዋጋ አሻቀበባቸው። በ2025 ሚያዝያም ውርጭ የማላቲያን አፕሪኮት ክፉኛ መታው።

ገዢውም ተለውጧል። ድሮ ይህ ምግብ የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ ገበታ ነበር። ዛሬ ከካሊፎርኒያ ለውጭ ገበያ ከሚቀርበው አልሞንድ ትልቁን ድርሻ የምትገዛው ህንድ ናት፤ በዲዋሊ በዓል ሰሞን የደረቀ ፍሬ ለዘመድ ወዳጅ መስጠት እዚያ የቆየ ልማድ ነው።

አሁን ወደ ማድረቁ ልግባ። አንድ ኪሎ ዘቢብ ለማግኘት አራት ኪሎ ያህል ትኩስ ወይን ያስፈልጋል። የቀረው ውኃ ነው፤ ውኃው መውጣት አለበት። በካሊፎርኒያ ወይኑ ተቆርጦ በተክሎቹ መደዳ መካከል በወረቀት ላይ ይሰጣል፤ ፀሐይ ሁለት ሦስት ሳምንት ትሠራበታለች። በቱርክ ኤጂያን ዳርቻ ያሉ ገበሬዎች ግን ወይኑን ከማስጣታቸው በፊት ፖታሽ ከተባለ ጨውና ከወይራ ዘይት በተሠራ ድብልቅ ውስጥ ይነክሩታል። ድብልቁ በወይኑ ቆዳ ላይ ያለውን ስስ ሰም ስለሚሰባብረው ውኃው ቶሎ ይተናል፤ በሳምንት ገደማ ውስጥ ይደርቃል። ፈዘዝ ያለ ቢጫማ ቀለም ያለው ዘቢብ እንዲህ ካለ ዝግጅት የሚወጣ ነው። ቀናት መትረፋቸው ቀላል ነገር አይደለም፤ እያንዳንዱ ተጨማሪ ቀን ዝናብና ሻጋታ የሚመጣበት ቀን ነውና።

ከዘቢብ ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው የካሽው ታሪክ ነው፤ የአፍሪካ ታሪክ ስለሆነ። ካሽው የትውልድ ሀገሩ ብራዚል ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ፖርቱጋሎች ወደ ጎዋና ወደ ሞዛምቢክ አምጥተው ተከሉት። ዛሬ ከዓለም ጥሬ ካሽው ከግማሽ በላዩን የምታመርተው አፍሪካ ስትሆን አይቮሪኮስት ቀዳሚዋ ናት፤ በቅርብ ዓመታት ምርቷ ከአንድ ሚሊዮን ቶን አልፏል። ይሁን እንጂ ካሽው ሁለት ቅርፊቶች አሉት፤ በቅርፊቶቹ መካከል ቆዳ የሚያቃጥል፣ እጅ የሚልጥ ዘይት አለ። እንደ ኦቾሎኒ በጣት ሰብሮ ወደ አፍ ማድረግ አይቻልም። መቀቀል ወይም መጥበስ፣ ከዚያ መስበር፣ ስሱን ልጣጭ መግፈፍ፣ ከዚያም በመጠንና በቀለም መለየት አለበት። ይህን ሥራ የሚሠሩት በዋናነት ቬትናምና ህንድ ናቸው። የአይቮሪኮስት ገበሬ የለቀመው ካሽው በመርከብ ውቅያኖስ አቋርጦ ቬትናም ይደርሳል፤ እዚያ ተፈልፍሎ፣ ተለይቶ፣ ታሽጎ እንደገና ውቅያኖስ አቋርጦ አውሮፓ ይገባል። የተባበሩት መንግሥታት የንግድና ልማት ጉባኤ በ2021 ባወጣው ጥናት መሠረት በአፍሪካ ምድር የሚፈለፈለው የአህጉሩ ካሽው ከ15 በመቶ በታች ነበር።

መንግሥታት ይህን አይተው ዝም አላሉም። ጎረቤታችን ኬንያ በ2009 ጥሬ ካሽውና ጥሬ ማከዳሚያ ወደ ውጭ እንዳይላክ ከለከለች። ማከዳሚያን በተመለከተ ፋብሪካዎች ተቋቁመው ኬንያ ከዓለም ዋነኛ አምራቾች አንዷ ሆነች። ታንዛንያ በ2018 የሞከረችው ሌላ መንገድ ነው። ነጋዴዎች ያቀረቡት ዋጋ ዝቅ ሲል ፕሬዚዳንት ጆን ማጉፉሊ ሠራዊቱ ካሽውውን እንዲሰበስብ አዘዙ፤ መንግሥት በኪሎ 3,300 የታንዛንያ ሽልንግ እንደሚገዛ ተነገረ። ገበሬውን ለመጠበቅ የታሰበበትን ልብ አከብራለሁ። ነገር ግን ያን ሁሉ ምርት የሚፈለፍል በቂ ፋብሪካ በሀገሪቱ አልነበረም፤ ገዢም ወዲያው አልተገኘም፤ ምርቱ መጋዘን ውስጥ ከረመ። ጆንያ መሰብሰብና ዋጋ መያዝ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን እዚያ ላይ በግልጽ አየን።

ጥቂት ጊዜ ወስጄ ልነግራችሁ የምፈልገው ግን የፒስታቺዮን ታሪክ ነው፤ እኔን ከሁሉም በላይ ያስተማረኝ እሱ ነውና።

ፒስታቺዮ ለብዙ መቶ ዓመታት የኢራን ነበር። ዊልያም ኋይትሐውስ የተባለ አሜሪካዊ የዕፅዋት ባለሙያ በ1929 ወደዚያ ተጉዞ፣ ከወራት ፍለጋ በኋላ ዘጠኝ ኪሎ ያህል ዘር ይዞ ተመለሰ። በካሊፎርኒያ ከተዘሩት ወደ ሦስት ሺህ ከሚጠጉ ዛፎች ውስጥ ተስፋ የተጣለባቸው ሃያ ብቻ ነበሩ። ከሃያው አንዱ ለሌላው ሁሉ ምንጭ ሆነ፤ በኢራን ከተማ ስም ከርማን ተባለ። ፒስታቺዮ ተክሎ ፍሬ ለመልቀም ዓመታት መጠበቅን ይጠይቃል፤ ለንግድ የሚበቃ የመጀመሪያ ምርት የተሰበሰበው በ1976 ነበር፤ መጠኑም 680 ቶን ገደማ።

ከሦስት ዓመት በኋላ የኢራን አብዮት ፈነዳ፤ በቴህራን የአሜሪካ ኤምባሲ ሠራተኞች ታገቱ፤ ማዕቀብ ተጣለ። ማዕቀቡ ከተነሣ በኋላ የኢራን ፒስታቺዮ ወደ አሜሪካ ሲመለስ፣ የካሊፎርኒያ አምራቾች ከዋጋ በታች እየተሸጠብን ነው ብለው አቤቱታ አቀረቡ። በ1986 ከ240 በመቶ በላይ ቀረጥ ተጣለበት። ይህ ፖለቲካ ነው፤ ኢራናውያን ሊከላከሉት የሚችሉት አልነበረም።

በ1997 መስከረም የደረሰባቸው ግን ሌላ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ከኢራን በመጣ ፒስታቺዮ ውስጥ ከተፈቀደው እጅግ የበለጠ አፍላቶክሲን አገኘና ገበያውን ለወራት ዘጋባቸው። አፍላቶክሲን ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ ነው። አንዳንድ የፒስታቺዮ ፍሬዎች ገና ዛፉ ላይ እያሉ ቅርፊታቸው ከነልጣጩ ይሰነጠቃል፤ ሻጋታው በዚያ ስንጥቅ ይገባል። ስንጥቁ በካሊፎርኒያም ይከሰታል፤ ተፈጥሮ ለአንዱ አድልታ ለሌላው አልከፋችም። ልዩነቱን የሚያመጣው ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ ፍሬው መሬት ሳይነካ በማሽን ተራግፎ መሰብሰቡ፣ ቶሎ ተልጦ መድረቁ፣ በመለያ መሣሪያ ውስጥ ማለፉ፣ ናሙናው ላቦራቶሪ መግባቱ። በ2023 የአሜሪካ የፒስታቺዮ ምርት ከ670 ሺህ ቶን በላይ ሆነ። 680 ቶን የነበረው ማለት ነው! የኢራን ገበሬ ከአያት ቅድመ አያቱ የወረሰውን ዛፍ እንደያዘ ነው። ዋጋው ግን ከሌላ ቦታ ይመጣበታል።

ይህን መርዝ ዓለም ያወቀው በአደጋ ነው። በ1960 እንግሊዝ ሀገር ወደ መቶ ሺህ የሚጠጉ የቱርክ ዶሮዎች በማይታወቅ በሽታ አለቁ። ሲመረመር ምክንያቱ የተመገቡት ከብራዚል የመጣ የኦቾሎኒ ፋጉሎ ሆነ፤ ፋጉሎው ሻግቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ አፍላቶክሲን ጉበትን እንደሚጎዳ፣ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የጉበት ካንሰር እንደሚያመጣ፣ ሄፓታይተስ ቢ ባለበት ሰው ላይ ደግሞ ጉዳቱ እንደሚባባስ ተረጋገጠ። በ2004 በምሥራቅ ኬንያ የሻገተ በቆሎ የበሉ 125 ሰዎች ሞተዋል። እዚሁ በአዲስ አበባ ዙሪያም በ2015 ይፋ የሆነውን የወተት ጥናት ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ከተመረመሩት 110 የወተት ናሙናዎች ውስጥ አፍላቶክሲናቸው አውሮፓ ከሚፈቅደው መጠን ያልበለጠው ዘጠኝ ብቻ ነበሩ። መነሻው በአብዛኛው ላሞቹ የሚመገቡት የኑግ ፋጉሎ ሆኖ ተገኘ። በዚያ ሰሞን ሰው ወተት መጠጣት ፈርቶ እንደነበር አልረሳም።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ኦቾሎኒ እንምጣ። ሐረርጌን፣ በተለይ ባቢሌን የማያውቅ የኦቾሎኒ ነጋዴ የለም። አሸዋማው ምድር ለኦቾሎኒ የተፈጠረ ነው፤ ፍሬው መሬት ውስጥ ስለሚያድግ ልል አፈር ይወዳል። ቤንሻንጉል ጉሙዝም ብዙ ያመርታል። የባቢሌን ኦቾሎኒ ጣዕም ለማመስገን ባለሙያ መሆን አያስፈልግም።

ገበሬው ተክሉን ሲነቅለው ፍሬው ውስጥ ያለው እርጥበት ከሢሶ በላይ፣ አንዳንዴም ወደ ግማሽ የሚጠጋ ነው። ለመከማቸት ደኅና የሚሆነው ሰባት ስምንት በመቶ ሲደርስ ነው። ይህን በመሣሪያ ሳይለኩም ማወቅ ይቻላል። አንድ ፍሬ ከነቅርፊቱ አንስታችሁ ጆሮአችሁ አጠገብ ነቅነቅ አድርጉት። ከደረቀ ውስጡ ያለው ፍሬ ይንኳኳል። ካልተንኳኳ ገና ነው። ይህን ለተማሪዎች ሁልጊዜ በእጃቸው አስይዤ አሳያለሁ፤ ዛሬም ከፊት ወንበር ለተቀመጡት አንዳንድ ፍሬ ሰጥቻለሁና ሞክሩት።

መበላሸቱ የሚጀምረው በብዙ ቦታ ነው። ሰብሉ ሊደርስ ሲል ድርቅ ከመታው ተክሉ ይዳከማል፣ ሻጋታውም መሬት ውስጥ ሳለ ይገባበታል። ተነቅሎ በክምር ከተቀመጠ መሐሉ ይታፈናል። ባዶ መሬት ላይ ከተሰጣ የሌሊቱን ጤዛና የአፈሩን እርጥበት ይስባል። በብዙ የአፍሪካ ሀገሮች ደግሞ በእጅ መፈልፈል አድካሚ ስለሆነ ቅርፊቱ እንዲለሰልስ ውኃ ይረጩበታል። በስንት ድካም የወጣው ውኃ በአንድ ባልዲ ይመለሳል! ይህን የሚያደርጉትን እናቶች መውቀስ አልችልም። ቀኑን ሙሉ ኦቾሎኒ የፈለፈለ ጣት ምን እንደሚሆን አይቻለሁ፤ በእጅ የሚዘወር መፈልፈያ ቢኖራቸው ውኃውን አይፈልጉትም ነበር። በምሥራቅ ኢትዮጵያ ኦቾሎኒ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከፍተኛ አፍላቶክሲን ያገኙት ከዚህ ሁሉ የተነሣ ነው።

ይህ ለገበያው ምን ማለት ነው? የአውሮፓ ኅብረት ለቀጥታ ምግብ በሚውል ኦቾሎኒ ላይ የሚፈቅደው አጠቃላይ አፍላቶክሲን በኪሎ አራት ማይክሮግራም ነው። አሜሪካ እስከ ሃያ ትፈቅዳለች። አንድ ክፉኛ የሻገተ እፍኝ አንድ ኩንታል ሙሉ ከገበያ ሊያስወጣ ይችላል። ልብ በሉ፤ እኛው ሀገር፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ፣ በምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት የሚሰጠው ከኦቾሎኒ የሚሠራ ልዩ ምግብ ይመረታል። በ1996 አንድሬ ብሪያንድ የተባሉ ፈረንሳዊ ሐኪም ከአንድ የፋብሪካ ባለቤት ጋር ሆነው የፈጠሩት ነው፤ ኦቾሎኒ፣ የዱቄት ወተት፣ ስኳር፣ ዘይትና ቪታሚን በ92 ግራም ከረጢት ታሽጎ 500 ካሎሪ ይሰጣል። ውኃ አይፈልግም፣ ማብሰል አይፈልግም። ከሞት አፋፍ የመለሳቸው ሕፃናት ብዛት የሚያኮራ ነው። እንዲህ ያለ ፋብሪካ ንጹሕ ኦቾሎኒ ይፈልጋል፤ መርዝ ያለበትን ለታመመ ሕፃን ሊሰጥ አይችልም። ገዢው አጠገባችን ነው ያለው። የሚያስፈልገው ሸራ፣ መፈልፈያ፣ የእርጥበት መለኪያና በምርት ወቅት ወደ ገበሬው የሚወርድ መርማሪ ነው። ሸራው ከሁሉ ርካሹ ነው፤ እኔን ቢጠይቁኝ የምጀምረው በእሱ ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበራቱ ጥሩ አድርጎ ላደረቀ ገበሬ በኩንታል ጭማሪ ቢከፍሉ ደግሞ ሸራውን ገበሬው ራሱ ይገዛዋል። ዛሬ የደረቀውም ያልደረቀውም በአንድ ዋጋ ስለሚሸጥ፣ እንዲያውም እርጥቡ ሚዛን ስለሚያነሣ፣ ያደረቀው ሰው ነው የሚጎዳው። ይህን አለመቀየራችን ያንገበግበኛል።

ስለ አፋር ተምርም ብዙ ማለት ይቻል ነበር። አውሳ ላይ ተምር ይበቅላል፤ በረመዳን የምንገዛው ግን አብዛኛው ከውጭ የመጣ ነው። ምክንያቱ ከነገርኳችሁ ብዙም የራቀ ስላልሆነ አልደግመውም።

ከንግግሩ በኋላ ከቀረቡት ጥያቄዎች አንዱን እዚህ ማስፈር አለብኝ። አንዲት እናት ተነሥተው፣ “ልጄ፣ እኔ ሽሮ ሜዳ ኦቾሎኒ እየቆላሁ እሸጣለሁ። እሳቱ መርዙን አያጠፋውም ወይ? የሻገተውንስ ምን ላድርገው?” አሉ።

እናቴ፣ እሳቱ ሻጋታውን ይገድለዋል፤ መርዙን ግን ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። መቁላት ይቀንሰዋል እንጂ አይጨርሰውም። የሚረዳዎት መልቀም ነው። ከመቁላትዎ በፊት ሰፌድ ላይ ዘርግተው የተጨማደደውን፣ የጠቆረውን፣ አረንጓዴ ወይም ቢጫ ብናኝ ያለበትን፣ ተሰብሮ የቆየውን ያውጡ። መርዙ በአብዛኛው የሚከማቸው በእነዚያ ጥቂት ፍሬዎች ውስጥ ስለሆነ እነሱን ማውጣት የቀረውን በእጅጉ ያጸዳል። ሲቀምሱት የመረረዎትንም ይትፉት። ሲገዙ ከነቅርፊቱ ቢሆን ይሻላል፤ ነቅንቀው ያዳምጡት። ማስቀመጫውን ከመሬትና ከግድግዳ ያርቁት፤ አየር የማያስገባ ላስቲክ ውስጥ ሳይደርቅ አይቋጥሩት። የለቀሙትን መጥፎ ፍሬ ደግሞ ለጎረቤት ላም ወይም ለዶሮ አይስጡት፤ ላሟ ከበላችው በወተቱ በኩል ይመለሳልና። ጉድጓድ ምሰው ይቅበሩት።

“ስንቱ ይባክናል ታዲያ?” ብለው ጠየቁኝ። ከአንድ ጣሳ አንድ ሁለት እፍኝ ሊሆን ይችላል። ያንን ኪሳራ እርስዎ ብቻዎን እንዲሸከሙት መተዉ ተገቢ አይደለም። ስለዚህ ከነጋዴው ሲገዙ እፊቱ ዘርግተው ይልቀሙ፤ የወጣውንም ከሚዛን ያስቀንሱት።